ሕግ እያስተማሩ ትግል ውስጥ መግባት፦ ሁለቱን የቻላችሁ አላችሁ?

ማስታወሻ ደብተር (ክሩን የከፈተችው) | ጥቅምት 11፣ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡልኝ።

አንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሕግ አስተምራለሁ። ዘንድሮ አራተኛ ዓመቴ ነው። የአካባቢ ሕግና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ነው የምሰጠው። ከተማችን ውስጥ ወንዝ አለ። ወንዙ ዳር ፋብሪካ አለ። ቀሪውን መገመት አያቅታችሁም። ውኃው አንዳንድ ቀን አተላ ይመስላል፣ አንዳንድ ቀን አረፋ ይዞ ይወርዳል። ከታች በኩል ልብስ የሚያጥቡና ጎመን የሚያለሙ እናቶች አሉ። እጃቸው ተላልጧል።

አምና የብክለት ቁጥጥር ዐዋጁን አንቀጽ 11፣ ማንም ሰው ስለ ብክለት አቤት እንዲል የሚፈቅደውን፣ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ዝምተኛ ልጅ ነች። «ቲቸር፣ አንቀጽ 11ን ያስተማርሽን ለፈተና ነው ወይስ ለሥራ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በኋላ ስሰማ እናቷ ከጎመን አልሚዎቹ አንዷ ናት።

በሚቀጥለው እሁድ የነዋሪዎቹ ስብሰባ ላይ ሄድኩ። ሦስተኛው ስብሰባ ላይ ጸሐፊ አደረጉኝ። አምስተኛው ላይ ስናገር አንዱ ቀርፆ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ሰኞ ጠዋት የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም። በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አክቲቪስት ሆንሽ አሉ። ፕሮሞሽንሽ ሊታይ ነው፣ አንዱን ምረጪ» አለኝ።

እና መምረጥ አለብኝ? ሁለቱን ይዞ የዘለቀ ሰው እዚህ ካለ ንገሩኝ። «በርቺ» ብቻ አትበሉኝ፣ በርቺ ሰልችቶኛል።

---

ሰባተኛ ፎቅ | ጥቅምት 11፣ ማታ 4፡05

በርቺ አልልሽም። ምረጪ ነው የምልሽ።

እኔም አስተማሪ ነኝ፣ 11 ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ቃሉን እንይ። እዚህ አገር ከ2010 ወዲህ «አክቲቪስት» ሲባል ሰው የሚመጣለት ወንዝ የሚያጸዳ ሰው አይደለም። ፌስቡክ ላይ ላይቭ ገብቶ መንገድ የሚያዘጋው ነው። አንቺ ስለ ጎመን ታወሪያለሽ፣ ሰሚው «የማን ወገን ናት?» ብሎ ይጠይቃል። ክፍልሽ ውስጥ ደግሞ ከየአቅጣጫው የመጣ ልጅ ተቀምጧል። የፋብሪካው ጥበቃ ልጅም ሊኖር ይችላል። ያ ልጅ ሲ ፕላስ ሲያገኝ ምን ብሎ ያስባል?

ሁለተኛ፣ ታሪካችን አይዋሽም። በ1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ። ብዙዎቹ ጥፋታቸው መናገራቸው ነበር። በሚያዝያ 2006 ከታሰሩት የዞን 9 ጦማሪዎች አንዱ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚያስተምር ሰው ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ታስሮ፣ ክሱ ተቋርጦ ሐምሌ 2007 ላይ ተፈታ። ክሱ ተቋረጠ ማለት ዓመቱ ተመለሰለት ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ጊዜ። የማስተማር ሎድሽ ስንት ነው? አንድ ጥሩ ጽሑፍ ለማውጣት ዓመት ይፈጃል። እሁድሽን ለኮሚቴ ከሰጠሽ የምትጽፊው መቼ ነው?

---

ምንጣፍ | ጥቅምት 11፣ ማታ 4፡11

«ሲ ፕላስ» ያልካት ነገር የግል ቁስል ትመስላለች ወንድሜ 😂

---

የድሮ ጠበቃ | ጥቅምት 12፣ ጠዋት 1፡40

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሌሊት አይቼው እስኪነጋ ጠበቅሁ።

እኔ አስተማሪ ሆኜ አላውቅም። ግን በ1990ዎቹ ከሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጋር በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። ያኔ የነበረውን ሕግ ዛሬ ለወጣት ስነግር አያምነኝም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንድ ሰው ሴት ልጅ ጠልፎ በኋላ በሕግ ካገባት አይከሰስም። ተጻፈ፣ ታተመ፣ ከ40 ዓመት በላይ ተሠራበት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችላለች፣ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው።

ይሄ እንዴት ተቀየረ? ሰልፍ ነበር፣ አልዋሽሽም። ሴቶች መንገድ ወጥተዋል። የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስ ማኅበሩ ጠበቃ ሆኖ ቆሞላት ራሷን መከላከሏ ነው ተብሎ በነጻ ተለቃለች። ያ ጉዳይ አገር አነጋገረ። ነገር ግን ሰው የማያየው ሥራ ሌላ ነበር። እኛ ጠረጴዛው ላይ የምንውለው የሕጉን አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ጋር ጎን ለጎን አድርገን ስናነጻጽር ነው። አንቀጽ 34 እንዲህ ይላል፣ የፍትሐ ብሔሩ እንዲህ ይላል፣ ስለዚህ አይጣጣምም። ደረቅ ሥራ ነው። ዓይን ያጠፋል። ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች የጻፉትን እየለመንን እናነብ ነበር።

በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፣ ዐዋጅ ቁጥር 213። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያ የጠለፋ ማምለጫ ቀረ። አሁን ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ነው፣ አገባኋት ቢልም አያድነውም።

እና ምረጪ ስትባይ፣ «ከምን ከምን?» ብለሽ ጠይቂ። ሰልፍ ላይ መጮህ ከሆነ፣ የሚጮህ ሰው አያጡም። አንቀጽ ከአንቀጽ የሚያስተያይላቸው ግን አንቺ ብቻ ልትሆኚ ትችያለሽ።

---

ሰባተኛ ፎቅ | ጥቅምት 12፣ ጠዋት 2፡30

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ የሚያወሩት ስለ ጠበቆች ማኅበር ነው። ጠበቃ ወገን መያዝ ሥራው ነው። መምህር ግን እውነት ፈላጊ ነኝ ብሎ ነው ደመወዝ የሚበላው። ማኅበሩም ቢሆን ዋጋ ከፍሏል። በ1993 መጨረሻ ለተወሰነ ጊዜ ታግዶ ነበር። በኋላ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት ዐዋጅ፣ 621/2001፣ መጣ። ከገቢህ ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ካገኘህ ስለ መብት አትሠራም ተባለ። ማኅበሩ ክፉኛ ደከመ። ያ ሕግ በዐዋጅ 1113/2011 እስኪተካ አሥር ዓመት ባከነ።

---

የድሮ ጠበቃ | ጥቅምት 12፣ ጠዋት 2፡52

በመጀመሪያ ሴት ነኝ፣ ጋሼ አትበለኝ።

ያልከው ሁሉ ልክ ነው። የባንክ ሒሳቡ ሲታገድ አይቻለሁ። ጽሕፈት ቤት ሲዘጋ፣ ወንበር ሲሸጥ አይቻለሁ። ግን አንድ ነገር ዘለልክ። የቤተሰብ ሕጉ አልታገደም። ወረቀቱ ላይ የገባው ገብቷል።

---

ሰባተኛ ፎቅ | ጥቅምት 12፣ ጠዋት 2፡58

ይቅርታ እትዬ 🙏 እሱን ግን መልስ የለኝም።

---

ቢሆንስ | ጥቅምት 12፣ ቀን 8፡15

እኔ አውሮፓ ፒኤችዲ ላይ ነኝ፣ ርዕሴም ወደዚህ ይጠጋል። «መምህር እውነት ፈላጊ፣ ታጋይ ወገን ያዥ» የሚለው ክፍፍል እንደሚመስለው ጽዱ አይደለም። ሁለት ሦስት ሰዎች ላንሳ።

አሜሪካ ውስጥ ካትሪን ማኪነን አለች። ሥራ ቦታ ላይ አለቃ ሴትን ሲያስቸግር ድሮ የግል ጉዳይ ነበር፣ «ወንድ ነው፣ ምን ይደረግ» ነበር። እሷ ገና ተማሪ ሳለች ይሄ የፆታ መድልዎ ነው የሚል ክርክር ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተመችው። በ1986 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ከተበዳይዋ ጠበቆች አንዷ ሆና ቆመች። ፍርድ ቤቱም ተቀበለው። ምሁርነቷና ትግሏ አንድ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ግን ዋጋውንም ስሙ። ያን ያህል ስም ይዛ፣ ቋሚ ቦታ እስክታገኝ ዓመታት ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው በእንግዳ አስተማሪነት ዞራለች።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጆን ዱጋርድ የተባለ የሕግ ፕሮፌሰር በ1978 እ.ኤ.አ. ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተግባራዊ ሕግ ጥናት ማዕከል አቋቋመ። አፓርታይድ በጠነከረበት ዘመን ማለት ነው። እኔን የሚገርመኝ አደረጃጀቱ ነው። ብቻውን አልወጣም። ተቋም ሠራ። ምርምሩም ክሱም ሥልጠናውም በዩኒቨርሲቲው ጣሪያ ሥር ሆነ። ዱጋርድ ሲሄድ ማዕከሉ ቀረ፣ እስከ ዛሬም አለ።

ሦስተኛው ዴሪክ ቤል ነው። ሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ቋሚ ፕሮፌሰር የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው። እ.ኤ.አ. በ1990 «ጥቁር ሴት በቋሚነት እስክትቀጥሩ ያለ ደመወዝ እወጣለሁ» ብሎ ወጣ። ሁለት ዓመት ጠበቀ። ፈቃዱ አልተራዘመም፣ ቦታውን አጣ። የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የተቀጠረችው በ1998 ነው። ይሄን የማነሳው እንድትወጪ አይደለም! ቤል ሌላ ቦታ ወንበር የሚሰጠው ስም ነበረው። አራተኛ ዓመት ሌክቸረር እንዲህ ዓይነት ቁማር አይጫወትም።

---

ምንጣፍ | ጥቅምት 12፣ ቀን 8፡40

ሁሉም ነገር ሃርቫርድ ላይ ሲሆን ያምራል። እኛ ጋ ፕሪንተር ቀለም የለውም።

---

ከሃይፋ | ጥቅምት 12፣ ማታ 1፡10

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እኔ እዚህ እስራኤል ያደግሁ ነኝ፣ አማርኛዬን ታገሡኝ።

እኛ ጋ «ጠበቃ» የሚባል ድርጅት አለ። ስሙን በአማርኛ ነው ያወጡት። እ.ኤ.አ. በ2000 የኛው ልጆች የሕግ ባለሙያዎች ሆነው አቋቋሙት። ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ መድልዎ ሲደርስበት በነጻ ይቆማሉ። ሥራ ቦታ፣ ትምህርት ቤት፣ ፖሊስ። በ2015ና በ2019 ወጣቱ መንገድ ሲዘጋ፣ ካሜራው ሁሉ ጎማ የሚቃጠልበት ነበር። በማግስቱ ግን የታሰረውን ልጅ ማን ያስፈታ? እናት በሌሊት ማን ጋ ትደውል? እዚያ ላይ ነው የሕግ ሰው የሚያስፈልገው።

አንድ የማውቀው ልጅ ሰልፉንም ትምህርቱንም ይዞ ነበር። ሰልፍ ላይ ሲሄድ ማስታወሻ ይይዛል። ማን መቼ ተመታ፣ የፖሊሱ ቁጥር ስንት ነው። ጓደኞቹ «ፈሪ ነህ፣ አትጮህም» ይሉት ነበር። በኋላ ፍርድ ቤት የሄደው የሱ ደብተር ነው።

---

የወንዝ ማዶ ልጅ | ጥቅምት 12፣ ማታ 2፡35

እኔ ሕግ አልተማርኩም። ሰፈሬ ግን ወንዝ ዳር ነው፣ የናንተ ከተማ ይሁን የኔ አላውቅም፣ ሁሉም አንድ ነው። እስቲ እኛ የምናየውን ልንገራችሁ።

በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ሰው ይመጣል። መጠይቅ ይዞ። «ዕድሜዎ? የትምህርት ደረጃዎ? በወንዙ መበከል እጅግ እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልስማማም?» እናቴ አራት ጊዜ ሞልታለች። አንዴ ብልቃጥ ይዘው መጡ፣ ውኃ ቀዱ፣ ሄዱ። ውጤቱን የነገረን የለም። አንዱ ማስተርሱን ጨርሶ ሲመረቅ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አየነው። ደስ ይበለው። የኛ ወንዝ ግን አልተመረቀም።

ስለዚህ እህቴ፣ አንዱን ምረጪ ሲሉሽ እኛ የምንፈራው ሌላ ነገር ነው። የቱን እንደምትመርጪ እናውቀዋለን። ፕሮሞሽኑ ሲመጣ ትሄጃለሽ። ይቅርታ፣ ክፉ ልናገር ፈልጌ አይደለም።

---

ማስታወሻ ደብተር | ጥቅምት 12፣ ማታ 4፡50

የወንዝ ማዶ ልጅ፣ ክፉ አልተናገርክም። ኮሚቴው ውስጥም አንዲት እናት ይህንኑ በሌላ ቃል ብለውኛል። «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ስንተኛዋ ነሽ?» ነው ያሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሰባተኛ ፎቅ፣ የክፍል ነገር እውነት አለህ። ተማሪዎቼ ኮሚቴ ውስጥ እንዳይገቡ አድርጌያለሁ። ያቺን ልጅም ጭምር። የሷን ፈተና ሌላ መምህር እንዲያርምልኝ ጠይቄያለሁ። ኃላፊያችን «ምን አስጨነቀሽ» አለኝ። አስጨነቀኝ።

እትዬ የድሮ ጠበቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ወደ ክስ ብንሄድ ከየት እንጀምር? ኮሚቴው ነገ ፍርድ ቤት እንግባ እያለኝ ነው። ሙት ኮርት (የተማሪዎች የልምምድ ችሎት) አሠልጥኜ አውቃለሁ፣ እውነተኛ ፋይል ግን ከፍቼ አላውቅም። እያፈርኩ ነው የምጽፈው።

---

የድሮ ጠበቃ | ጥቅምት 13፣ ጠዋት 1፡30

አትፈሪ፣ ሁላችንም አንድ ቀን መጀመሪያችን ነበር። የኔ የመጀመሪያ ክስ በቴምብር ጉድለት ተመልሷል።

ሥነ ሥርዓት ታስተምሪያለሽ፣ አንቀጽ 33ን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከሳሽ በነገሩ ላይ ጥቅም ሊኖረው ይገባል። የብክለት ቁጥጥር ዐዋጁ፣ 300/1995፣ ከዚህ ይለያል። በአንቀጽ 11 ማንም ሰው «ጥቅሜ ተነክቷል» ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤት ሊል ይችላል። ግን አቤቱታው መጀመሪያ የሚሄደው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ በክልል ከሆነ ለክልሉ። በ30 ቀን ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ሰጥቶ ካላረካሽ፣ ከዚያ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት። ኮሚቴውን ነገ ይዘሽ ብትገቢ ፋይሉ በር ላይ ነው የሚመለሰው። ከዚያ ሕዝቡ «ሕግ አይሠራም» ብሎ ይበተናል። ከፋብሪካው ይልቅ ይሄን ፍሪ።

ሌላም ልንገርሽ። አፓፕ የሚባለው የመብት ድርጅት የአቃቂና የሞጆን ወንዞች ጉዳይ ይዞ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከስሶ ነበር። ባለሥልጣኑን ነው የከሰሰው፣ ሥራህን አልሠራህም ብሎ። ፍርድ ቤቱ ውድቅ አደረገው። የተሸነፈ መዝገብ ነው። አንቺ ግን ፈልገሽ አንብቢው። ማንን እንደምትከሺ፣ ምን ዳኝነት እንደምትጠይቂ ከዚያ ትማሪያለሽ። ከፈለግሽ ፕሮሞሽን የሚያስገኝ ጽሑፍም እዚያው ውስጥ አለ። ለምን ተሸነፈ? ብለሽ ጻፊ። እሁድ ለወንዝ፣ ሰኞ ለጽሑፍ የሚባል ነገር የለም። አንዱ ለሌላው ጥሬ ዕቃ ነው።

የውኃ ናሙናውን አንቺ እንዳትቀጂ። አደራ! ናሙናው የሚቀዳው ሙያው ባለው ሰው፣ ቀንና ሰዓት ተጽፎ፣ ምስክር ባለበት ነው። አንቺ ምስክርም፣ ተመራማሪም፣ ነገረ ፈጅም ልሁን ካልሽ የፋብሪካው ጠበቃ በአንድ ጥያቄ ይጨርስሻል። እኔ ብሆን እጨርስሽ ነበር።

ጠበቃ ፈልጊ። የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ፣ 57/1992፣ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ እንዲያገለግል ያዝ ነበር። ስንቱ ሠርቶበታል አትበይኝ። ግን «50 ሰዓትዎን አስበዋል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ይሠራል። ሞክሬዋለሁ።

---

ቢሆንስ | ጥቅምት 13፣ ቀን 6፡20

እትዬ፣ ይሄን በነጻ ነው የሚሰጡት? እኛ ለዚህ ኮርስ እንከፍላለን።

ማስታወሻ ደብተር፣ አንድ ነገር ልጨምር። ዩኒቨርሲቲሽ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለው? ካለው ነገሩን በዚያ በኩል አስገቢው። የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ሥራው ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው ይባላል። ሦስተኛውን ሁልጊዜ ችግኝ መትከል አድርገውታል። ኃላፊሽ ጋ «አክቲቪስት ነኝ» ብለሽ ከምትገቢ «የማኅበረሰብ አገልግሎት ዕቅድ አቅርቤያለሁ» ብለሽ ግቢ። የዱጋርድ ትምህርት ይሄ ነው። ብቻሽን ስትቆሚ አንድ ደብዳቤ ይበቃሻል።

---

ሰባተኛ ፎቅ | ጥቅምት 13፣ ቀን 7፡05

ኃላፊው ራሱ ማዕከሉን ከዘጋው ግን ሁሉንም አጣሽ። ከኮሚቴው ጋር ያለሽ ግንኙነት በዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ላይ እንዲንጠለጠል አታድርጊ። ይሄን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው፣ ዝርዝሩ ይቅር።

እና እሺ፣ ምረጪ ያልኩትን ትንሽ ላስተካክል። ቲክቶኩን ተይው። ሌላውን እንደፈለግሽ።

---

ምንጣፍ | ጥቅምት 13፣ ቀን 7፡09

ሰባተኛ ፎቅ ወደ ስድስተኛ ወረደ 👏

---

ማስታወሻ ደብተር | ኅዳር 15፣ ማታ 2፡00

ከአንድ ወር በኋላ ተመለስኩ። ያልጠፋሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው።

ከኃላፊዬ ጋር ተቀመጥን። የሕግ ድጋፍ ማዕከሉ የሚለውን ሐሳብ አልጠላውም፣ አልወደደውምም። «ቪዲዮ አይኑር፣ የዩኒቨርሲቲው ስም አይነሳ» አለ። ቪዲዮውን ተስማማሁ። ስሙን በተመለከተ፣ የማዕከሉ ደብዳቤ ላይ ስሙ ታትሟል፣ እንዴት አድርጌ ላጥፋው? እሱ ላይ ገና እየተከራከርን ነው። ፕሮሞሽኑ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ተላልፏል። ምክንያቱን የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ኮሚቴው ፍርድ ቤት እንግባ ማለቱን ለማቆም ሁለት እሁድ ፈጀብኝ። አንቀጽ 11ን በሰፈሩ አማርኛ አንድ ገጽ አድርጌ ጻፍኩት። ያቺ «ስንተኛዋ ነሽ» ያሉኝ እናት ማንበብ አይችሉም፣ ልጃቸው ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ሲጨርሱ «ታዲያ 30 ቀኑን ማን ይቆጥራል?» አሉ። እሳቸው እንዲቆጥሩ ተወሰነ። ግድግዳቸው ላይ በከሰል እያሰመሩ ነው።

ጸሐፊነቱን ለሌላ ሰው አስረከብኩ። እኔ አሁን የማረቅቅ ብቻ ነኝ። ጠበቃም አግኝተናል። የ50 ሰዓቷን ጥያቄ ስጠይቀው ሳቀና «ማን ነገረሽ?» አለኝ።

አቤቱታው ኅዳር 3 ገባ። 41 ሰው ፈርሟል። ዛሬ 12ኛው መስመር ተሰምሯል።

---

የወንዝ ማዶ ልጅ | ኅዳር 15፣ ማታ 2፡18

ጸሐፊነቱን ለማን ሰጠሽው?

---

ማስታወሻ ደብተር | ኅዳር 15፣ ማታ 2፡21

ልብስ ከሚያጥቡት ለአንዷ። ቃለ ጉባኤዋ ከኔ ይሻላል፣ የሰው ስም አትስትም።

---

የድሮ ጠበቃ | ኅዳር 15፣ ማታ 2፡40

መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥር ሰጥቷችኋል? ቀሪው ላይ ማኅተምና ቀን አለ? ቀኑ በደንብ ይነበባል?

---

ማስታወሻ ደብተር | ኅዳር 15፣ ማታ 2፡44

ማኅተሙ አለ። ቀኑ ግን ደብዝዟል፣ 3 ይሁን 8 አይለይም።

---

የድሮ ጠበቃ | ኅዳር 15፣ ማታ 2፡45

ነገ ጠዋት በር ሲከፈት እዚያ ተገኚ። በቀይ እስክሪብቶ ያስተካክሉልሽና ይፈርሙበት። ከዚያ ፎቶ አንሺው።